ያልተለቀለቀው ሳህን

ሐጃ ዘይነብ ዛሬ ጠዋት በርሚሏን በበረኪና ስታጥብ ሽታው አጥሩን ተሻግሮ መጣና ካለሁበት ይዞኝ ሄደ። ኮሌራው ከገባ ወዲህ እዚህ ካርቱም ዳር፣ ሶባ ውስጥ በረኪና የማይሸት ግቢ የለም። አህያ የሚጎትተው የውሃ ካሮ ገና ከመንገዱ ጫፍ ሲታይ ነው ሴቱ ሁሉ በርሚሉን ገልብጦ መፈተግ የሚጀምረው። ለሌላው የበሽታ ሽታ ነው። ለእኔ ግን የወጣትነቴ ሽታ ነው፤ የእጄ ቆዳ የሚላጥበት፣ ጥፍሬ እንደ ወረቀት የሚነጣበት፣ ግን ደግሞ አንገቴን ቀና አድርጌ የምሄድበት ዘመን። «ያ ሐጃ! አለቅልቂው!» አልኳት በአጥሩ ቀዳዳ። «አለቀለቅኩት እኮ!» «ስንት ጊዜ?» «ሁለት።» «ሰባት ነው!» ብላት ሳቀች። ጎረቤት ከሆንን ጀምሮ ይህን ሰባት የምለውን ነገር ለምዳዋለች፤ እብደት አድርጋ ይዛልኛለች። ከየት እንደመጣ ነግሬያት አላውቅም። ለእናንተ ልንገራችሁ፣ ዘንድሮ የሚነገርበት ዓመት ሆኗልና።

ካርቱም የገባሁት ልጅ እግር ሆኜ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ። እኔ የማስታውሰው በአንድ ሽልን የፉል ሳንዱች ተገዝቶ አንድ ጣሚያ፣ ክብ የሽምብራ ጥብስ፣ እንደሚመረቅበት፣ ሲፊንጃ የሚሉት የላስቲክ ነጠላ ጫማ ሰማያዊና ቀይ ብቻ እንደነበረ፣ የኒም ዛፍ ባለበት ማዕዘን ሁሉ አላፊ አግዳሚው የሚጠጣበት የሸክላ ዚር ተቀምጦ ውሃው ጥርስ ያቀዘቅዝ እንደነበረ ነው። ብዙ ሰው ይሸሽ ነበር፣ እኔም ሸሸሁ፤ ይኸው ነው። ከቋራ ስነሳ ይዤ የወጣሁት የለበስኩትን ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ፣ በነጠላው ጫፍ ደግሞ የተቋጠረ የአባቴን ቀይ ዘንጋዳ ነው። አባቴ ራሱ ነው የቋጠረልኝ። ዘንጋዳ የማሽላ ዓይነት ነው፤ ለስንቅ ግን አልነበረም፤ ጥሬውን ብትቆረጥሙት ምላስ ያደርቃል፣ ለእንጀራም ይመራል፣ ለጠላ ካልሆነ ሰው አይፈልገውም። «አፈር ካገኘሽ ጣል አድርጊው» አለኝ፣ ሌላ አልጨመረም። በእኛ ቆላ ማሽላን የሚጨርሰው አቀንጭራ የሚሉት አረም ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ ለማያውቀው ያምራል። ከአፈር በታች ግን ማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ይጠባዋል፤ ማሽላው ቆሞ እያያችሁት ይደርቃል። አባቴ ማሳ ውስጥ ግን በነጩ ማሽላ መካከል አቀንጭራው እንደ ልቡ ሲሞላ፣ ቀዩ ዘንጋዳ አጠገብ ሲደርስ ይሳሳል። ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። እንዲያው እንደዚያ ነው።

መጀመሪያ የገባሁት ሪያድ ሰፈር፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ውስጥ ተመላላሽ ሳይሆን አዳሪ ሠራተኛ ሆኜ ነው። እመቤቲቱ ክፉ አልነበረችም፣ ስሜን ጠርታኝ ግን አታውቅም፤ «ያ ሐበሺያ» ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሁሉ ሲያሸልብ ሬዲዮኑን በዝግታ እከፍትና ልብስ እተኩሳለሁ። ከኦምዱርማን የሚመጣውን ዘፈን ቃሉ ሳይገባኝ ዜማውን አውቀው ነበር፤ እንደ እኛው ነው የሚሄደው፣ እንደ እኛው ነው የሚያባባው። አንድ ቀን እንግዶች መጡና የሎሚ ውሃ ይዤ ገባሁ። ከእንግዶቹ አንዷ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቶብ፣ ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለለውን ልብስ፣ የለበሰች ሴት ነበረች፤ ያኔ ቢሮ የሚሠሩ ሴቶች ነጭ ቶብ ነው የሚለብሱት፣ እንዴት እንደሚያምርባቸው! ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው። አንድ ነገር አገኘችበት ብዬ ደነገጥኩ። «ይህን ማን ነው ያጠበው?» አለች። «እኔ።» «ስምሽ ማነው?» «እታገኝ።» ዞር አለችና ለእመቤቴ፣ «እህቴ፣ ይቺን ሴትዮ ስጪኝ፤ ማዕመሌ ውስጥ ብርጭቆ የሚያጥቡልኝ ሁሉ በጣታቸው ነው የሚያጥቡት፣ ይቺ በዓይኗ ነው የምታጥበው» አለቻት። ዶክተራ ኢሕሳን ነበረች። ማዕመል የሚሉት ላቦራቶሪውን ነው።

ከዚያ በኋላ ማዮ ሰፈር አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራየሁ። በየማለዳው ጀርባው ላይ አግዳሚ የተገጠመለት ቦክስ መኪና ላይ ተጠጋግተን ተቀምጠን፣ አቧራው ቅንድባችንን ሲያነጣው፣ ከከተማው ዳር ወዳለው የዘር ምርምር ግቢ እሄዳለሁ። ጓሮዬ ውስጥ ባለችው ምንጣፍ የምታህል መሬት ላይ የአባቴን ዘንጋዳ በየኸሪፉ እዘራለሁ፤ ኸሪፍ የዚህ አገር ክረምት ነው። ግቢው ውስጥ ደግሞ ማሽላ ብቻ! ነጭ፣ ቢጫ፣ ቡናማ፣ በየቆርቆሮው ቁጥር ተለጥፎበት። ሱዳኖች ዱራ ይሉታል፤ ኪስራ የሚሉት ስስ ቂጣቸውም፣ ገንፏቸውም፣ ከብታቸውም በእሱ ነው የሚኖረው። ዶክተራ የምትሠራው ገበሬው ከላይ የሚያየውን ቁመትና ዘለላ ሳይሆን ከውስጥ ያለውን ነው፤ ቅጠሉ ምን ይሠራል፣ ፍሬውን የሚያመርረው ምንድነው፣ ሥሩ ምን ያወጣል። «ወይዘሮ እታገኝ» ትለኛለች ስትቀልድ በሰማችው አማርኛ፣ «ተክል አፍ የለውም፣ ስለዚህ በፈሳሽ ነው የሚነጋገረው። የእኔ ሥራ ጆሮ መሆን ነው።»

ስለ አረሙ የነገረችኝን እስከ ዛሬ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ዘሩ እንደ አቧራ ነው» አለችኝ። «አፈር ውስጥ ዓመታት ይተኛል። በዝናብ ብቻ አይነቃም። የማሽላው ሥር ሲያድግ አንድ ነገር ያንጠባጥባል፤ ያን ጠብታ ሲያገኝ ነው ‘ምግቤ መጥቷል’ ብሎ የሚነሳው። ጠብታው ትንሽ የሆነ ማሽላ ካገኘን ሌባው እንደተኛ ይቀራል። ከዚያ ያን ሥር ከነጩ ጣፋጭ ማሽላ ጋር እናዳቅለዋለን፤ ሥሩ ከአንዱ፣ ፍሬው ከሌላው።» አረሙን እዚህ ቡዳ ነው የሚሉት። «በእኛ አገር ቡዳ ሰው ነው» ብዬ አሳቅኳትና በማግስቱ ከማዮ አንድ ጭብጥ ቀይ ዘንጋዳ ይዤላት መጣሁ። የአባቴን ማሳ ነገርኳት፤ አቀንጭራው እንዴት አጠገቡ ሲደርስ እንደሚሳሳ። መሳቋን ተወችና ደብተሯን አወጣች። ዘንጋዳውን ግቢው ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ። ይህን ልብ በሉልኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አቧራ የሚያህለውን የአረም ዘር በእርጥበትና በሙቀት ሁለት ሳምንት ታቆየዋለች፤ ሙቀቱን ካርቱም በነፃ ትሰጣለች። ከዚያ ክዳን ባላት ዝርግ የብርጭቆ ሳህን ውስጥ እንደ ጄሊ የረጋ ነገር ላይ ትበትነውና የበቀለች የማሽላ ፍሬ ሥሯን ወደ መሐል አድርጋ ታስቀምጣለች። በሦስተኛው ቀን በማጉያ እያየች የነቃውን ትቆጥራለች። ማሽላ የሌለበት፣ አረሙ ብቻውን ያለበት ሳህን ደግሞ ለብቻው ይቀመጣል፤ እሱን «ምስክር» ይሉታል። ምስክሩ ሳህን ውስጥ ሁሉም መተኛት አለበት። እኔ ደግሞ ሳህኖቹን በበረኪና እነክራለሁ፣ እፈትጋለሁ፣ ሰባት ጊዜ አለቀልቃለሁ። ሰባትን ያለችኝ ዶክተራ ናት።

የቀዩ ዘንጋዳ ተራ የደረሰው ውሃ በጠፋበት ሳምንት ነበር። ቧንቧው ያጉረመርማል፣ ይተፋል፣ ዝም ይላል። በሁለት ባልዲ ውሃ ስንት ሳህን ይለቀለቃል? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ እንደነበር አላውቅም። እኔ የአባቴ ዘር ነው ብዬ፣ ቆሻሻ አይንካው ብዬ፣ በረኪናውን አበዛሁት። እጥፍ አደረግኩት። አንዴ ብቻ አለቅልቄ በፀሐይ አደረቅኩትና ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ አየሁት፤ እንደ መስታወት ያበራ ነበር! ደስ ብሎኝ አስረከብኩ። በሦስተኛው ቀን ዶክተራ ማጉያው ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች፣ ቆየች፣ ቀና ስትል ፊቷ ሌላ ነው። «አዝናለሁ፣ እታገኝ። የአባትሽ ዘንጋዳም ይጠራዋል። እንደውም ከሁሉም ይብሳል።»

ሳምንት ሙሉ አንገቴን ደፍቼ ሰነበትኩ። አባቴ የዋሸኝ መሰለኝ፤ ሰው አባቱ ዋሽቶት ይሁን አይሁን በብርጭቆ ውስጥ ሲፈረድለት ምን ይላል? በሳምንቱ የእቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ሳጸዳ አንድ ሳህን ተረስታ አገኘሁ። በዚያ በውሃው መጥፊያ ቀን ያጠብኳት ናት፤ ዶክተራ የተረፋትን የአረም ዘር ገልብጣባት ክዳኗን ደፍታ ትታታለች። ማሽላ የለባትም። ሥር የለባትም። ማጉያውን ማየት አስተምራኝ ነበርና ሳህኗን ከሥሩ አደረግኳት። ነቅቷል! እያንዳንዱ የአቧራ ቅንጣት ነጭ ክር የመሰለ እግር አውጥቷል። የጠራው ማሽላ የለም። ታዲያ ማን ጠራው? እጄን ተመለከትኩ። የተላጠውን፣ በረኪና የሚሸተውን እጄን። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዘንጋዳው አይደለም የጠራው። የእኔ ሳህን ነው።

ዶክተራ ስትሰማ ራሷን ይዛ ቆመች። «በረኪናም ይቀሰቅሰዋል፤ አስቤው ማወቅ ነበረብኝ» አለች። «ምስክሩስ? ምስክሩ እኮ ተኝቶ ነበር።» «ምስክሯ ሳህን ከላይኛው መደርደሪያ የወረደች ናት፤ ውሃ ሳይጠፋ ያጠብኳት» አልኳት። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ የትኛው ሳህን መቼ እንደታጠበ ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል? ያን ጊዜ ዝም ብል ማንም አይነቃብኝም ነበር። ሥራዬም ይቆይልኛል፣ ደመወዜም። ግን ዘሩ የእኔ ነው፣ ስህተቱም የእኔ። ተያይዘን ወደ ሙዲሩ ሄድን፤ ሙዲር የግቢው አለቃ ነው።

ሙዲሩ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ትንሽ ማራገቢያና በጣም የተተኮሰ ሸሚዝ ነበረው። ዶክተራ እንድገመው አለችው። «ሪፖርቱ ሄዷል» አላት። «እህሉ ቀይ ነው። መራራ ነው። ለመሪሳ ካልሆነ አይፈለግም፣ የሰካራም እህል ነው። አሁን ደግሞ ቡዳውን ከሁሉም አብልጦ ይጠራል። ምን በጎነት ቀረው ብለሽ ነው የምትሟገቺለት?»

«አልጠራም፣ ሳህኑ ነው» አልኩ እኔ።

ወደ እኔ ዞረ። ወንበሩ ያናገረው ያህል ነው የደነቀው። «ይቺ ማናት?»

«ሳህኖቹን የምታጥበው ናት» አለች ዶክተራ።

የምርምሩን ደብተር ሳበና ገለጠው። በጣቱ እየነካ አሳየኝ፣ ማንበብ እንደማልችል እያወቀ። «ዘሩን የዘራው፣ ይኸው ስሙ። የቆጠረው፣ ይኸው። ያረጋገጠው፣ ይኸው። ዕቃ ያጠበች የሚል የት አለ? የለም። እዚህ ያልተጻፈ ነገር አልሆነም፣ ያ ሐበሺያ።»

በአማርኛ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ማለቴ አይቀርም ነበር። ዓረብኛ ደግነቱ አለቃውንም ዘበኛውንም አንተ ያስብላል። «አንተ ስላልጻፍከው ሳህኑ ራሱን ያጠበ መሰለህ?» አልኩት። ዶክተራ በቶቧ አፏን ሸፈነች፤ እየሳቀች ይሁን እየፈራች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ሙዲሩ ደወሉን መታና ሰው ጠራ። የቀዩ ቆርቆሮ ይገልበጥ፣ ይቺም ሴትዮ ከነገ ጀምሮ አትምጣ አለ። ሰውየው ቆርቆሮውን ከመጋዘን አምጥቶ ወደ ቆሻሻው ሲያዞረው የቶቤን ጫፍ ዘርግቼ ከፊቱ ቆምኩ። «እዚህ ላይ ገልብጠው። ይዤው መጥቻለሁ፣ ይዤው እሄዳለሁ።» ሰውየው ሙዲሩን ተመለከተ። «ስጣት፣ መሪሳዋን ትጥመቅበት» አለ። እንደ አባቴ አድርጌ ቋጠርኩት።

ዶክተራ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። እሷንም ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ ከተማ አዛወሯት። የሰጠችኝ አንድ እስር የወረቀት ከረጢት ነው። «ሲያብብ ራስ ራሱን በዚህ ሸፍኝው፤ ከሌላ ማሽላ ጋር እንዳይዳቀል። በየዓመቱ ዝሪው፣ በዚህ ሙቀት ዘር ብዙ አይቆይም። አንድ ቀን ሰው እልክብሻለሁ» አለችኝ። እኔ ደግሞ በዚያው ወር ማዮ አጠገብ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ፣ ልጆች ፊደል ሲቆጥሩ ከኋላቸው መቀመጥ ጀመርኩ። ልጆቹ ይሳለቁብኝ ነበር፤ «እትዬ፣ ‘ሀ’ አምልጣሻለች፣ ያዢያት!» ይሉኛል። ያዝኳት። ደብተር ዘርግቶ በጣቱ እየነካ ሁለተኛ የሚያሳየኝ ሰው እንዳይኖር ነው የተማርኩት።

ሻይ ሸጥኩ፣ ልብስ አጠብኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ቀበርኩ። ከማዮ ወደ ሶባ ተዛወርኩ። ሽልኑ ጠፍቶ ጊኔው መጣ፣ ጊኔው ዲናር ሆነ፣ ዲናሩ ተመልሶ ጊኔ ሆነ፤ አንድ ሳንዱች የሚገዛበት ብር በከረጢት መያዝ የጀመረበትም ቀን ደረሰ። ቦክሱ ሀፍላ የሚሉት ሚኒባስ ሆነ፣ ሀፍላው በረክሻ፣ በባጃጅ፣ ተተካ። ዘንጋዳው ግን አልተለወጠም። በየኸሪፉ አንድ መደዳ፣ አንዳንዴ ሁለት። የዶክተራ ከረጢት ሲያልቅ በስኳር ወረቀት፣ እሱም ሲጠፋ በአሮጌ ነጠላ እየቀደድኩ ራሱን እሸፍነዋለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅብኛል። «የሐበሺያዋ ዱራ ተከናነበች! ባል መጣላት እንዴ?» ይላሉ። መጠጥ በሕግ ተከልክሎ ስለነበር አንዴ ፖሊስ መጣ፣ ለመሪሳ ነው የምትዘሪው ብሎ። ፍሬውን ዘግኜ፣ «ቅመሰውና ለምን እንደሆነ ንገረኝ» አልኩት። አኘከው። ፊቱ ተጨማደደ፣ ተፋው፣ ውሃ ለመነኝ። «ይህን የሚጠጣ ሰው ቅጣቱን እዚያው አግኝቷል» ብሎኝ ሄደ። ምን እንደሆነ ለማን እነግራለሁ? አንድ ሳህን ሰባት ጊዜ ስላልታጠበ ስሙ የጠፋ እህል ነው ብል ማን ያምነኛል?

ከዚያ ያ ነገር መጣ። ጥይቱ፣ ጭሱ፣ የሰዉ ጎርፍ። ልጄ አልማዝ ልጆቿን ይዛ አዲስ አበባ ገባች፤ እየደወለች ታለቅሳለች። የልጅ ልጄማ «ሀቦባ፣ ያላ ተዓሊ፣ ነይ በቃ!» ትለኛለች፣ አማርኛና ዓረብኛዋን አዋዝታ፤ ሀቦባ አያቴ ማለቷ ነው። ምን ይዞሽ ነው ይሉኛል። ሥራ አለብኝ እላቸዋለሁ። በሰባ ምናምን ዓመቴ ምን ሥራ? ዘንጋዳው ኸሪፍ እየጠበቀ ነው። ድንበር ላይ ነጠላዬን አስፈትቶ ዘሩን የሚያስገለብጠኝ ማን እንደሆነ ምን አውቃለሁ? አንዴ ተሸክሜው ሸሽቻለሁ፤ ሁለተኛ አልሸሽም አልኩ። በዚያ በክፉው ጊዜ ወንዶች ቤት ለቤት እየገቡ ቆርቆሮ ሁሉ ገለበጡ። ሽንኩርት ወሰዱ፣ ፍራሽ ወሰዱ፣ የሐጃ ዘይነብን የበር እጀታ ነቅለው ወሰዱ። መታጠቢያ ቤቴ ጥግ የቆመውን ነጭ የበረኪና ጀሪካን ግን ማን ይነካዋል? ሰባት ጊዜ አለቅልቄ፣ በፀሐይ አድርቄ፣ ዘንጋዳዬን የሞላሁት በእሱ ነበር። ደግሞ አልዋሻችሁም፤ ርሃቡ ሲጸና ግማሹን ከሐጃ ዘይነብ ጋር ቀቅለን በላነው። መረረን፣ አቃጠለን፣ አቆየን። ሌላው ግማሽ ጋ ስንደርስ ጀሪካኑን ዘጋሁና ቅጠል ለቀማ ወጣሁ። ሐጃም ተከትላኝ ወጣች።

ካለፈው ዝናብ በኋላ አንዲት ወጣት በረክሻ መጣች። ሱሪ ለብሳለች፣ ትከሻዋ ላይ ጥርስ የወለቀ ዚፕ ያለው ቦርሳ። «ሀቦባ እታገኝ የምትባል ሐበሺያ እዚህ ትኖራለች?» ሂባ ትባላለች። የምርምር ግቢው መጋዘን ተዘርፎ፣ መብራት ጠፍቶ፣ የስንት ሰው ዕድሜ የተሰበሰበበት ዘር ተበትኖ ወይ ተበልቶ አለቀ አለችኝ። አሁን እሷና ጓደኞቿ በየመንደሩ የቀረውን እየለቀሙ ነው። «ዶክተራ ኢሕሳን ነች የላከችኝ፤ አስተማሪዬ ነበረች። ካርቱም ከደረስሽ ሶባም ይሁን ማዮ፣ ራሱን ተከናንቦ የሚያብብ ማሽላ ያላትን ሴት ፈልጊ አለችኝ።»

ጀሪካኑን አምጥቼ ከፊቷ አስቀመጥኩ። «ሀቦባ፣ ይህ በረኪና እኮ ነው» አለች። ክዳኑን ከፍቼ እጇ ላይ ሳፈስላት ዓይኗ ፈጠጠ።

ስልኳን አውጥታ ደወለችና ሰጠችኝ። የዶክተራ ድምፅ ተሰንጥቋል፣ አርጅታለች፣ ትንፋሿ ያጥራል። ሰላምታው ከማለቁ፣ «እታገኝ፣ ሂባ እዚያው ትሞክረዋለች፤ ሳህኑን የሚያጥበው ማነው?» አለችኝ። «እኔ ነኛ!» አልኳት። «አሁንም ሰባት ነው?» «ሰባት ነው።»

ሂባ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ሳህን አለኝ ብላ ነበር። «በብርጭቆ ነው የተፈረደበት፣ በብርጭቆ ነው የሚፈታው» አልኳት። ፈልጋ አመጣች። ለማለቅለቂያ ከካሮው ሦስት በርሚል ውሃ ገዛን፣ ሐጃ ዘይነብ እየተራገመች ቀዳችልኝ። እጄ እንደ ድሮው አይደለም፤ ግን አንድም አልሰበርኩም። አንዲቷን ሳህን ብቻ ለብቻ አስቀርቼ በረኪናውን እጥፍ አድርጌ ነከርኳትና አንዴ አለቅልቄ ተውኳት። «ይህቺስ ለምንድን ናት?» አለች ሂባ። «ይህቺ የእኔ ናት። ለሙዲሩ መልስ።» አስረዳኋትና ሳቅ ሳትል ላይዋ ላይ ምልክት አደረገችባት።

ሁለት ሳምንት ሂባ ያመጣችውን የአረም ዘር ካርቶን ውስጥ፣ አልጋዬ ሥር፣ እንደ ዶሮ እንቁላል አቀፍነው። ከዚያ ሳህኖቹን አዘጋጀች። የነጩ፣ የቀዩ፣ ምስክሩ፣ የእኔዋ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ሂባ በየማለዳው ትመጣና ታወራኛለች። ሥሩ የሚያንጠባጥበው ነገር ዓይነቱ ብዙ እንደሆነ፣ ማሽላው የሚያንጠባጥበውም አፈር ውስጥ ያሉ ወዳጆቹን ለመጥራት እንደሆነ ዛሬ ታውቋል አለችኝ፤ አረሙ የሰውን ጥሪ ነው የሚሰርቀው። ደስ አለኝም አዘንኩም። አባቴ ማሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ኖሮ እኛ ጫጫታ ስናሰማ ነው የኖርነው ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሂባ ማጉያዋን ይዛ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ሐጃ ዘይነብ በሩ ላይ ቆመች፣ እኔ መቆምም መቀመጥም አቃተኝ። መጀመሪያ ምስክሩን አየች። «ተኝቷል። ሁሉም።» የነጩን አየች። «ኡፍ! ሥሩን ተከትሎ እስከ ሳህኑ ዳር ነቅቷል።» የእኔዋን አነሳች። ማሽላ የሌለባትን፣ ያልተለቀለቀችውን። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነበር። «ሀቦባ፣ ነቅቷል። ምንም ሥር ሳይኖር ነቅቷል። ልክ ነበርሽ።» ልክ እንደነበርኩማ አውቃለሁ! ይህን ሁሉ ዓመት ያወቅኩት እሱን ነው። ያላወቅኩት የቀዩን ነው፤ ዘንጋዳው ንጹሕ ሳህን አግኝቶ አያውቅምና። አባቴ ገና ፍርድ አላገኘም። «ቀዩን» አልኳት።

አየች። ሳህኑን አዞረችው። እንደገና አየች። «ሦስት» አለች። «ሥሩን የነኩ ሦስት ብቻ። የቀረው ሁሉ ተኝቷል።»

ሐጃ ዘይነብ እልልታውን አቀለጠችው፤ ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አልገባትም። እኔ ቶቤን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አባቴን በስሙ ጠራሁት፣ ይህ ለእናንተ አይደለም። ሂባ ቶሎ ብላ፣ «ሀቦባ፣ አንዴ አይበቃም፣ መደገም አለበት፤ ማሳ ላይም መታየት አለበት፤ ከነጩ ጋር ለማዳቀልም ዓመታት ይፈጃል» አለችኝ፣ ተስፋዬን እንዳታስረዝመው ፈርታ። «ድገሙት!» አልኳት። «እኛ ያኔስ ምን አልን? ድገሙት ነው ያልነው።»

ዘሩን ሁሉ ልትወስድ ነበር ሐሳቧ፤ ለጥንቃቄ ነው አለችኝ። እንቢ አልኩ። «የመጋዘናችሁን ነገር ሰማሁት፣ ልጄ። ግማሹ ከአንቺ ጋር፣ ግማሹ ከእኔ ጀሪካን ጋር። ኸሪፍ ሲገባ መደዳዬን እዘራለሁ፤ ያንቺ ከጠፋ መጥተሽ ትወስጃለሽ፣ የእኔ ከጠፋ መጥቼ እወስዳለሁ።» ተከራከረችኝ። እኔን መከራከር እንደማያዋጣ ሐጃ ዘይነብ ነገረቻት።

ከዚያ ደብተሯን ከፈተች። መስመር በመስመር፣ እንደዚያኛው ደብተር። ያዘጋጀ፣ የቆጠረ፣ ያረጋገጠ። ጣቴን ባዶው ዳር ላይ አሳረፍኩ። «እዚህ ላይ አንድ መስመር ጨምሪ።»

«የምን?»

«ዕቃውን ያጠበ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ማስመሪያ ፈለገችና አጣች፤ በሳህኑ ክዳን ዳር ተጠቅማ በእጇ አሰመረች። ስሜን በዓረብኛ ልትጽፍ ስትል እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰድኩት። በራሴ ፊደል ጻፍኩት፤ «እ» ትንሽ ተጋደመች፣ «ኝ» ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

«ሀቦባ፣ እኛ ግቢ ይህን ማንም ማንበብ አይችልም እኮ» አለችኝ።

«ይማሩዋ» አልኳት። «እኔ ተምሬያለሁ።»